ክረምት በደብረ ዳሞ፤ የአምባው ውሃና የጥቅምት እንግዶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ቃል የምትሰሙት በመስከረም ወር መጀመሪያ ነው። በከተማ ያለው ሰው እንቍጣጣሽ ካለፈ ክረምት ወጣ ይላል፤ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ግን ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነውና ገና በክረምት ውስጥ ነን። ከእናንተም መካከል ብዙዎች ከአሁኑ ቀን መቍጠር ጀምራችኋል፤ የአቡነ አረጋዊ በዓል ጥቅምት 14 ቀን ይውላልና። ስለት ያለበት ስለቱን ያዘጋጃል፤ ወጣቱ ከጓደኞቹ ጋር ስለ መኪና ይነጋገራል፤ እናቶች በሶና ዳቦ ቆሎ ያሰናዳሉ። ስለ በዓሉ ቀን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ስለ ገመዱም የማያውቅ የለም። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ከበዓሉ በፊት ስላሉት ሦስት ወራት ነው። እነዚያን ወራት ከአምባው ነዋሪዎች በቀር የሚያያቸው የለም፤ ነገር ግን ጥቅምት 14 ቀን ወደዚያ የሚወጣ ሰው የሚጠጣው ውሃ በእነዚያ ወራት የተጠራቀመ ነው።

ደብረ ዳሞ በትግራይ፣ ከዓድዋ ወደ ዓዲግራት በሚወስደው መንገድ፣ ቢዘት ከተባለችው ከተማ በስተሰሜን የሚገኝ አምባ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው ከ2,200 ሜትር ይበልጣል። ዙሪያውን ገደል ነው፤ ራሱ ግን እንደ ገበታ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የሚወጣበት በር አንድ ሲሆን እርሱም ወደ 15 ሜትር የሚደርስ ቀጥ ያለ ዐለት ነው። ከላይ የጠፍር ገመድ ይወርዳል፤ አንዱን በወገብ ይታጠቁታል፣ ሌላውን በእጅ ይይዙታል፣ እግርን በዐለቱ ላይ እያሳረፉ ይወጡበታል። እህሉም፣ እንጨቱም፣ መጽሐፉም፣ በሬው ሳይቀር በገመድ ይወጣል። በሬ አልሁ እንጂ ላም አላልሁም፤ በሥርዐቱ መሠረት ከሴት ወገን እንስሳ እንኳ ወደዚያ አይወጣምና።

የገዳሙ ታሪክ ከተስዓቱ ቅዱሳን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። እነርሱም በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ ከውጭ አገር መጥተው በአክሱም ነገሥታት ዘመን በአገራችን ምንኵስናን ያስፋፉ፣ መጻሕፍትን ወደ ግእዝ የመለሱ አባቶች ናቸው። አባ ጰንጠሌዎን በአክሱም አጠገብ በጾማዕት ተቀመጠ፤ አባ ገሪማ መደራን መረጠ፤ አባ አፍጼ ወደ የሐ ሄደ። ዘሚካኤል የተባለው ደግሞ በዕድሜው ወጣት ሳለ በአእምሮው ሽማግሌ ስለ ነበር ጓደኞቹ አረጋዊ አሉት፤ እርሱም ዳሞን መረጠ። ገድሉ እንደሚተርከው መውጫ ባጣ ጊዜ ዘንዶ ጅራቱን አውርዶለት፣ ቅዱስ ሚካኤልም ሰይፉን መዝዞ ዘንዶውን እየጠበቀለት ወጣ። በሥዕል ሁሉ የምታዩት ይህንኑ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የታሪኩ ክፍል ግን በሥዕል ስለማይሣል ብዙ ሰው አይጠይቅበትም። ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀል፣ የዐፄ ካሌብ ልጅ፣ ለጻድቁ በአምባው ላይ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራለት ወደደ። እንጨትና ድንጋይ በገመድ ብቻ አይዘለቅም፤ ስለዚህ ሠራተኛው የሚመላለስበት መወጣጫ በገደሉ ላይ ተሠራ። ሕንፃው ባለቀ ጊዜ ንጉሡ መወጣጫው ለዘለዓለም እንዲቀር ፈለገ ይባላል። አቡነ አረጋዊ ግን በግእዝ «ዳህምሞ» አለው፤ አፍርሰው፣ አንሣው ማለት ነው። አባቶች የቦታውን ስም ዳሞ ከዚህ ቃል ያወጡታል። እንግዲህ አስተውሉ፤ ይህ ገዳም መንገድ ሳያገኝ ቀርቶ በገመድ የሚኖር አይደለም። መንገድ ነበረው፤ ባለቤቱ አስፈረሰው። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ጊዜ ሁሉ የማስበው ስለ ቀጣዮቹ መነኮሳት ነው። አንድ ሰው በአንድ ቃል መወጣጫውን አፈረሰ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ያንን ቃል ለመጠበቅ እያንዳንዱን ቁና እህል 1,400 ዓመት ሙሉ በገመድ ሲጎትቱ ኖሩ።

እህሉን በገመድ መጎተት ይቻላል እንበል። ውሃውስ? በአምባው ላይ ወንዝ የለም። ከሥር እየቀዱ ለማኅበር የሚበቃ ውሃ በየቀኑ በገመድ ማውጣት ደግሞ የማይሞከር ድካም ነው። ስለዚህ የጥንት አባቶች ዐለቱን እየፈለፈሉ ትልልቅ የውሃ ጉድጓዶች ሠሩ። ጉድጓዶቹ ዛሬም አሉ። አንዳንዶቹ ከአፋቸው ሰፊ፣ ወደ ታችም ጥልቅ ናቸው፤ የላይ ፊታቸው አረንጓዴ ሽበት ለብሶ ስለሚታይ እንግዳ ሰው ሲያያቸው ለመጠጣት ይሰቀቃል። አረንጓዴውን ወደ ጎን ገለጥ አድርገው ሲቀዱት ግን ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ይህን ያህል ዐለት በምን መሣሪያ፣ በስንት ሰው፣ በስንት ዘመን እንደ ተፈለፈለ ገምቱት። ሰው ወደ ደብረ ዳሞ ሲሄድ ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ ይደነቃል፤ ይገባልም። እኔ ግን ያለ ቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ መነኮሳቱ ጥቂት ጊዜ በዋሻ ሊጸልዩ ይችሉ ነበር፤ ያለ ጉድጓዶቹ ግን አንድ በጋ አይከርሙም ነበር እላለሁ።

አሁን ወደ ክረምቱ እንግባ። በደቡብና በምዕራብ ላለው የአገራችን ሰው ክረምት ረጅም ነው፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚያዘንብበት አገር አለ። በምሥራቅ ትግራይ ግን እንዲህ አይደለም። ዋናው ዝናብ የሐምሌና የነሐሴ ነው። ሰኔ ሊያሳይና ሊከለክል ይችላል፤ መስከረምም ቶሎ ይደርቃል። የዓመቱ ውሃ ሁሉ የሚገባው በእነዚህ 60 ቀናት ገደማ ነው ማለት ነው። ቀሪዎቹ 10 ወራት በእነዚያ ቀናት ይኖራሉ።

ሊቃውንቶቻችን ዘመነ ክረምትን በየክፍሉ ስም አውጥተውለታል። መጀመሪያው የዘርና የደመና ነው፤ ገበሬው በተስፋ ዘሩን ለማይታይ ነገር የሚሰጥበት። ቀጥሎ የመብረቅና የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ይመጣል። ከዚያም ዕጕለ ቋዓት ይባላል፤ የቍራ ጫጩቶች ማለት ነው። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ ፈጣሪ ለእነርሱ ምግብ እንደሚሰጥ ስለ ተናገረ በዚያ ሰሞን ይታሰባሉ። ከእርሱም በኋላ ያለው የጎሕና የጽባሕ ነው፤ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል እንደሚታየው ወገግታ። እነዚህን ስሞች በትምህርት ቤት ሳለሁ በቃሌ አጥንቼአቸው ነበር፤ መምህሬ ሲጠይቁኝ ሳልሳሳት እመልስ ነበር። ትርጕማቸው የገባኝ ግን በአምባው ላይ ነው። በዚያ የሚኖር መነኩሴ ደመናን የሚያየው እንደ ገበሬ ነው፤ መብረቅንም በሜዳ ላይ ያለ ከፍተኛ ቦታ ነዋሪ እንደሚፈራው ይፈራዋል። በዕጕለ ቋዓት ሰሞንም ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ይመለከታል፤ ምን ያህል ሞላ? ምን ያህል ጐደለ?

የክረምት ኑሮአቸውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በሌሊት ደወል ይደወላል፤ ሰዓታት ይቆማል፤ ኪዳን ይደርሳል። ዐለቱ በዝናብ ይረጥባልና ሽማግሌዎቹ ከየቤታቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መቋሚያቸውን እያስቀደሙ ነው። ቤቶቻቸው ከድንጋይ የተሠሩ፣ አጥር ያላቸው፣ ጠባብ መተላለፊያ ያላቸው ናቸው። ጭጋግ በወረደ ጊዜ በአምባው ላይ የቆመ ሰው ከታች ያለውን አገር አያይም፤ ከታች ያለውም ሰው አምባውን አያየውም። የጠፍር ገመድ ሲርስ ይከብዳል፣ ያዳልጣልም፤ ስለዚህ ያለ ችግር አይወጣም አይወረድም። ለክረምት የሚያስፈልገው እህል በበጋው ካልገባ በሐምሌ ማስገባት ፈተና ነው። ብራና ፍቆ መወጠር ፀሐይ የሚፈልግ ሥራ ነውና በዚህ ወራት ይታጐላል፤ ቀለምም ቶሎ አይደርቅም። የቃል ትምህርት ግን አይቋረጥም፤ ሰሌንና ቅርጫት የሚሠራም በቤቱ ተቀምጦ ይሠራል። ወጣቶቹ አርድእት ዋናው ሥራቸው ውሃው ነው፤ ከዐለቱ ላይ የሚወርደው ጐርፍ አፈርና ጉድፍ ይዞ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ መስኖውን ይጠርጋሉ።

ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ይገባል። ምእመናን በየአጥቢያቸው ሱባዔ በሚይዙበት በዚያ ሁለት ሳምንት በአምባው ላይ ጸጥታው ይበልጥ ይጠብቃል። ከዝናቡ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የውጭ እንግዳ በዚያ ወቅት ጥቂት ነው፤ ወንዙ ይሞላልና፣ መንገዱም ጭቃ ነውና። ለመነኩሴ ይህ ጊዜ በዓመቱ ውስጥ በተለይ የራሱ የሆነ ጊዜ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑም ከክረምት ጋር የቆየ ትግል አለው። በእንጨትና በድንጋይ ንብብር በአክሱማውያን አሠራር የተሠራ ነው፤ ከግድግዳው ብቅ ብቅ ያሉትን ድብልብል የእንጨት ራሶች ሰዎች የዝንጀሮ ራስ ይሏቸዋል። በጣራው ውስጥ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ግመል፣ ሚዳቋ ተቀርጸውበታል። እንጨት ደግሞ ውሃ ጠላቱ ነው። በ1898 ዓ.ም ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን የአክሱም ጥናት ቡድን ወደዚያ ወጥቶ የሕንፃውን ንድፍ አነሣ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው እየተጐዳ ሄዶ በ1940 ዓ.ም ገደማ ደሪክ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃ ባለሙያ ጥገናውን መራ። ዛሬ ቆሞ የምናየው በዚያ ጥገና ጭምር ነው። የራሳችንን ጥንታዊ ቤት ለመጠገን ባለሙያው ከውጭ እስኪመጣ መጠበቃችን አንዳንድ ጊዜ ያሳፍረኛል፤ ሆኖም የረዳንን ማመስገን ተገቢ ነው።

ወደ አምባው ስለ መጡ እንግዶች ስናወራ ሁሉም በሰላም የመጡ አይምሰላችሁ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በወጣትነታቸው ወጥተው ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ምንኵስናን ተማሩ፤ በኋላም የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም መሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደ ኖሩ፣ ሲወርዱም ገመዱ ተበጥሶ ክንፍ እንደ ተሰጣቸው ገድላቸው ይናገራል። ከእነርሱ በፊት ግን፣ በታሪክ እንደሚነገረው፣ ዮዲት የተባለችው መጥታ በአምባው ላይ የነበሩትን የነገሥታት ልጆች ፈጅታለች። አምባው ሁልጊዜ አላዳነም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልወድም።

በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ የሆነው ግን ከዛሬው ነገራችን ጋር በጣም ይገናኛል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአገር አገር ሲሰደዱ ቆይተው በ1533 ዓ.ም መባቻ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በዚሁ በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ንግሥቲቱ ሰብለ ወንጌልም በአምባው ተጠልላ ነበር። ሴት የማይወጣበት አምባ ንግሥትን እንዴት አስጠለለ የሚል ጠያቂ ይኖራል። ከፖርቱጋል ወታደሮች አንዱ የነበረው ሚጌል ዴ ካስታንዮዙ በጻፈው ታሪክ ከተራራው እንደ ወረደች ይናገራል፤ የጭንቅ ዘመን ነበርና እኔ በዚህ አልከራከርም። የግራኝ ጦር አምባውን ከቦ ሊይዘው ፈልጎ አልቻለም። ገደሉ ብቻውን አይደለም የከለከለው። የተከበበ ሰው ገደል ቢኖረውም ውሃ ካጣ በሳምንት እጁን ይሰጣል፤ እነዚህ ግን ከዐለት ውስጥ የሚቀዱት የክረምት ውሃ ነበራቸው። ካስታንዮዙም ስለ ጉድጓዶቹና ስለሚያጠራቅሙት የዝናብ ውሃ ሳይጽፍ አላለፈም።

ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 የሚያህሉ ወታደሮች ይዞ በዚያው ዓመት በሐምሌ ከምጽዋ ወደ ደጋው በወጣ ጊዜ ዝናቡ ያዘው። ጦር በጭቃ አይንቀሳቀስምና በድባርዋ ከረመ። ንግሥቲቱን የሚያመጡ ወታደሮች ወደ ደብረ ዳሞ ልኮ በክብር አስወረዳት፤ እርስዋም ወደ ድባርዋ ሄዳ ከእነርሱ ጋር ሆነች። ክረምቱ ሲወጣ አብረው ጉዞ ጀመሩ። በሚቀጥለው ክረምት፣ በ1534 ዓ.ም መጨረሻ፣ ዳ ጋማ በወፍላ ተሸንፎ ተማረከና ተገደለ። ንግሥቲቱ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ከልጅዋ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተገናኝታ በየካቲት 1535 ዓ.ም በወይና ደጋ ጦርነቱ ተፈጸመ። ያች ንግሥት በአምባው ላይ በነበረችበት ክረምት ከምትጠጣው ውሃ አንድ ጽዋ እንኳ የተጠራቀመው ከእርስዋ ዘመን ብዙ መቶ ዓመት በፊት በሞቱ፣ ስማቸው ባልተጻፈ መነኮሳት ድካም ነው።

በእኛም ዘመን ጦርነት ወደዚያ ደርሷል። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ያን አካባቢ ሳይነካ አላለፈም፤ በገዳሙም ላይ ጉዳት መድረሱ ሲነገር ሁላችንም ሰምተን አዝነናል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም የሰላም ስምምነት በፕሪቶሪያ ተፈርሟል። ስለዚህ ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ምእመን ሁሉ ስንቁን ከማሰናዳቱ አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ ከቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢው ከሚመጡ ሰዎች ጠይቆ ይረዳ። ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም፤ ድንበሩ ቅርብ ስለ ሆነ ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናዘዝ። በ1989 ዓ.ም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ከዓድዋ ተነሥተን በእግራችን ወደ ደብረ ዳሞ ሄድን። ጊዜው ጳጉሜን ነበር። የበዓሉን ቀን መጠበቅ አልፈለግንም፤ ሕዝብ ሳይበዛ እንሳለም ብለን ነው። በመንገድ ዝናብ መታን፤ ከጉልበታችን በታች ጭቃ ሆንን። ገመዱን ያወረዱልን መነኩሴ እየጐተቱን ስንወጣ እጄ ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ፤ ከላይ ስደርስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተሳለምን፤ በእንግዳ ቤት ቦታ ሰጡን። እኔም በጭቃ እግሬ ወደ ቤተ መቅደስ መግባቴ ነውር ነው ብዬ አንድ ቅል አንሥቼ ወደ ጉድጓዱ ሄድሁ። ጉድጓዱ ሞልቶ ነበር። አንድ ጊዜ ቀድቼ እግሬ ላይ አፈሰስሁት፤ አልጸዳ ብሎኝ ሁለተኛ ቀዳሁ፤ ሦስተኛውን ልቀዳ ስል ከኋላዬ የመቋሚያ ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ብዬ አንድ በጣም ያረጁ አባት አየሁ። ቆመው ያዩኝ ነበር። አልተቈጡም። 

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ያፈሰስኸው የሰኔ ውሃ ነው።» 

ነገሩ አልገባኝም፤ ጳጉሜን ነውና የነሐሴ ውሃ ነው ሊሉ ፈልገው የተሳሳቱ መሰለኝ። እርሳቸውም በመቋሚያቸው ወደ ጉድጓዱ እያመለከቱ፣ ውሃው በጥር የት እንደሚደርስ፣ በሚያዝያ የት እንደሚደርስ፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከወለሉ ላይ በቅል እየተጠረገ እንደሚቀዳ አሳዩኝ። ዛሬ ከላይ የሚፈሰው ሁሉ ያን ጊዜ ከታች ይጐድላል ማለታቸው ነበር። ደነገጥሁ። ጐንበስ ብዬ «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልኋቸው። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ፤ ከዚያም እግሬን በደረቅ ሣር እንዳብስ አሳዩኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጭቃው ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል፤ በሣር አበስሁት። የቀዳሁት ሁለት ቅል ነበር። ለከተማ ሰው ኢምንት ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሰኔ በገባ ቍጥር ትዝ ይለኛል።

ስለዚህ ምእመናን፤ ጥቅምት 14 ቀን ወደ አምባው የምትወጡ ወንድሞቻችን ይህን አስቡበት። በዓሉ የሚውለው ዘመነ ጽጌ ከገባ በኋላ ነው፤ ሜዳው በአደይ አበባ ያጌጠ፣ ሰማዩ የጠራ፣ ጉድጓዱም የሞላ ይሆናል። ሞልቶ ያያችሁት ጉድጓድ ግን ትርፍ የለውም። የሚቀጥለው ዝናብ 8 ወር ሙሉ ይቀረዋል። እናንተ በአንድ ቀን ተሳልማችሁ ትመለሳላችሁ፤ የማኅበሩ አባቶች ግን ከእናንተ የተረፈውን ይዘው በጋውን ይወጡታል። እንግዳ መቀበል ለመነኩሴ ሥርዐት ነውና ውሃ ጠጡ ብለው ያቀርቡላችኋል እንጂ አትጠጡ አይሏችሁም። የማይሉትን ማወቅ የእንግዳው ፈንታ ነው። የምትጠጡትን ከታች ይዛችሁ ውጡ፤ እግራችሁን ከሥር ታጥባችሁ ውጡ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ የሚያመጣ ሰው ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ይውረድ፤ በጉድጓዱ አፍ ላይ የተጣለ ጠርሙስ የሚለቅም ረድእ ከትምህርቱ ያን ያህል ጊዜ ይጐድልበታል። ገመዱን ሲወጡ ለመታየት ብለው በስልክ ፎቶ ለማንሣት በገደሉ መካከል የሚቆሙ ወጣቶችም አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ከላይ የሚጐትተው ሰው እጅ እንዳለው፣ እጁም እንደሚደክም አይርሱ።

እጅ መንሻ የሚወስድ ሰው ምን ይውሰድ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው የሚያመጣውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ገዳሙን የሚያውቁ ሰዎች ጤፍና ገብስ፣ ጨው፣ ለሽማግሌዎቹ ብርድ ልብስ ይጨምራሉ። የጠፍር ገመድም በየጊዜው ያረጃል፤ ለእርሱ የሚሆን የበሬ ቆዳ የሚሰጥ ሰው ከእርሱ በኋላ ለሚወጣው ሁሉ እጁን እንደ ሰጠ ነው።

እኅቶቻችንስ? እናንተ ከአምባው አትወጡም፤ ከሥር ቆማችሁ ትሳለማላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ስለዚህ ነገር ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ በንስሐ ጊዜ የነገሩኝም አሉ። ስለዚህ የጻድቁን እናት የኤድናን ነገር ልንገራችሁ። ልጇን ፍለጋ ከሩቅ አገር ተከትላ እንደ መጣች፣ ከአምባውም ሥር መንኵሳ እንደ ኖረች፣ በዙሪያዋም ሴቶች መነኮሳት እንደ ተሰበሰቡ በታሪክ ይነገራል። ልጇ ከላይ፣ እርስዋ ከታች ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ገደል ወደ 15 ሜትር ነው፤ ድምፅ ያሰማል። ገመዱም ወደ ታች ከሚያደርሰው ነገር አንዱ የእርስዋ ድርሻ እንደ ነበረ አልጠራጠርም። በበዓሉ ቀን ከሥር የምትቆሙ እኅቶች የምትቆሙት ኤድና በቆመችበት መሬት ላይ ነው።

ለመሄድ ያልቻለ ሰው በየአጥቢያው የአቡነ አረጋዊን ማኅሌት ይቁም። በጽጌ ጾም የምትጾሙም በዚያ ሌሊት ያሉትን አባቶች አስቡአቸው፤ ከሌሊቱ ማኅሌት በኋላ ሰዉ ሁሉ በገመዱ ሲወርድ ከላይ ቆመው የሚጐትቱትና የሚያወርዱት እነርሱ ናቸው፤ የመጨረሻው እንግዳ ከወረደ በኋላም ገመዱን ወደ ላይ ስበው፣ ጠምዝዘው፣ ወደ ደረቅ ቦታ ያስገቡታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።